ስለ ሙቀጫና ዘነዘና፦ የበቆጂ ደጋ የገብስ ሥራና በቶርኖ የሚወጣ ባለ ቀለም ጌጥ

በአገራችን በየቤቱ ከሚገኙት የእንጨት ዕቃዎች መካከል እንደ ሙቀጫ ብዙ የሚደክም፣ እንደ ሙቀጫም ጥቂት የሚነገርለት የለም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። መሶቡ በቀለም ያጌጣል፤ ጀበናው ከእንግዳ ፊት ይቀርባል፤ ሙቀጫው ግን ከጓዳ ጥግ ቆሞ ሲመታ ይውላል። ስሙም ከሥራው የወጣ ነው፤ ወቀጠ ካለው ግሥ መውቀጫ፣ ሙቀጫ ተባለ። በአርሲ ምድር በኦሮምኛ ሞዬ ይባላል። መምቻው ደግሞ ዘነዘና ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር አንድ ነው። ይኸውም፦ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆኑ እንጨቶች ተነባብረውና ተጣብቀው ሙቀጫ በቶርኖ ሲሠራ፣ ጌጡ ሥራውን ሳይጎዳ ሊገባ የሚችለው በየትኛው የዕቃው ክፍል ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ከባድ ነገሮች ተያይዘውበታል። ጌጡ ያለ ስፍራው የገባ እንደ ሆነ ኮላውና ስንጥሩ ከምግብ ጋር ይቀላቀላል፤ ዕቃውም ሳይቆይ ይሰነጠቃል። በስፍራው የገባ እንደ ሆነ ግን ከወፍራም አገር በቀል ግንድ ፈንታ ቀጭን ግንድና ቁርጥራጭ እንጨት ሊበቃ ይችላል። ለዚህ ምርመራ መነሻ ያደረግነው በቆጂንና የአርሲን ደጋ ነው፤ ሙቀጫ በገብስ አገር የሚሠራውን ሥራ ያልተረዳ ሰው የሙቀጫን ቅርጽ ሊረዳ አይችልምና።

1ኛ/ በገብስ አገር ሙቀጫ ስለ ምን አስፈለገ?

በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚሉት የጭላሎና የካካ ተራሮች ይታያሉ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ካገኘች ወዲህ ዓለም ከተማዋን የሚያውቃት በሯጮቿ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ገበሬው ግን አገሩን የሚያውቀው በገብሱና በስንዴው ነው። ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ በተጀመረ ጊዜ የተመረጠው ይኸው ምድር ነበር፤ የቁሉምሳው የእርሻ ምርምር ጣቢያም የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

ስንዴና ጤፍ በተወቁ ጊዜ ገለባቸው ይለያቸዋል። የገብስ ቅርፊት ግን ቢወቃም ከፍሬው ጋር እንደ ተጣበቀ ይቀራል። ይህም የሆነበት ምክንያት ፍሬው በሚያድግበት ጊዜ ከላዩ የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር ቅርፊቱን አጥብቆ ስለሚይዘው ነው። ሰነፍ ቆሎ እንደሚባለው ያለ ቅርፊቱ ስስ የሆነ በቀላሉ የሚላጥ ዓይነት ቢኖርም፣ አብዛኛው ገብስ ካልተወቀጠ ቅርፊቱን አይለቅም። በአርሲና በባሌ የሚዘራው ጥንታዊው የስንዴ ወገን አጃም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ገብስ ለምግብ ከመሰናዳቱ በፊት ይፈተጋል። ጥቂት ውኃ ይርከፈከፍበትና ከሙቀጫ ይገባል፤ በዘነዘና ይወቀጣል፤ ከዚያም በሰፌድ ይበጠራል። በሶው፣ ቅንጬው፣ ገንፎው፣ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚሰናዳው የአርሲ ጩኮ ሁሉ ቅርፊቱ በለቀቀ ገብስ ያምራል። የወፍጮ ቤት መምጣት ከሴቶች ጫንቃ ላይ የእጅ ወፍጮውን ድካም ብዙ አቅልሏል፤ ተራ ወፍጮ ግን ቅርፊቱን ከፍሬው ጋር አብሮ ይፈጨዋል እንጂ አይለየውም። ሙቀጫው ከወፍጮ ቤት በኋላም በየጓዳው የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ሙቀጫው ከእንጨት መሆኑ ስለ ምን ነው? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በመፈተግ ጊዜ የሚፈለገው ፍሬውን መስበር አይደለም። ዘነዘናው በወረደ ቍጥር ፍሬ ከፍሬ ጋር እየተፋተገ ቅርፊቱን እንዲለቅ ነው የሚፈለገው። ድንጋይ ለምት ስለማይለዝብ ፍሬውን ይሰብረዋል፤ እንጨት ግን የምቱን ጥቂት ክፍል ተቀብሎ ስለሚመልስ ፍሬው ይተርፋል።

ድካሙም ቀላል አይደለም። 3 ኪሎ የሚመዝን ዘነዘና ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ በደቂቃ 40 ጊዜ ይወርዳል እንበል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 1,200 ጊዜ ይነሣል፤ ይህም ቢደመር 3,600 ኪሎ ሸክም ግማሽ ሜትር ከፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ይህን ያህል ጕልበት የሚፈስበት ዕቃ አሠራሩ ቢበላሽ ጉዳቱ የሚደርሰው በወቃጯ ላይ ነው። የሙቀጫን አሠራር በጥንቃቄ መመርመር የሚገባውም ስለዚህ ነው።

2ኛ/ ከግንድ ስለሚፈለፈለው ሙቀጫ

በልማድ ሙቀጫ የሚሠራው ከአንድ ግንድ ነው። ግንዱ በልኩ ይቆረጣል፤ ውጭው በመጥረቢያ ይጠረባል፤ ውስጡ በመሮ ይፈለፈላል። ብዙውን ጊዜ ወገቡ ቀጠን ይልና እግሩ እንደ ገና ሰፋ ይላል፤ ይህም ሲወቀጥበት እንዳይናወጥ ነው።

እንጨት ከሥሩ እስከ ጫፉ ቁመቱን ተከትለው በተሰለፉ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው፤ እነዚህን በዚህ ጽሑፍ ጅማት እንላቸዋለን። ጥሩ ሙቀጫ የሚፈለፈለው ግንዱ በተፈጥሮው እንደ ቆመ ነው። ስለዚህ የሆዱ ወለል የጅማቶቹ ጫፍ ይሆናል፤ ምት ሲያርፍበትም ጅማቶቹ ጎን ለጎን እንደ ቆሙ ምሰሶዎች ሆነው ይሸከሙታል። ግንዱ ተጋድሞ ቢፈለፈል ግን ዘነዘናው ጅማቱን ከጎኑ ስለሚመታው ስንጥር እየሆነ ይነሣል። የሥጋ ሻጭ መክተፊያ ጕማጅ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ የማይቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሙቀጫ ትልቁ ጠላት ስንጥቅ ነው። ርጥብ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኰማተርም። በቁመቱ የሚኰማተረው በጣም ጥቂት ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከግንዱ እምብርት ወደ ልጡ በሚወስደው አቅጣጫ በብዙዎቹ እንጨቶች ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል ይኰማተራል። የዕድሜውን ቀለበት ተከትሎ በዙሪያው ግን ከመቶ ከ6 እስከ 10 ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ዙሪያው ከውስጡ አብልጦ ሲጠብ፣ እምብርቱን በመካከሉ የያዘ ድፍን ግንድ መሰንጠቁ የማይቀር ነው። ሆዱ ሲፈለፈል እምብርቱ ከላይ ስለሚወጣ ውጥረቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በወለሉ ውስጥ እንደ ተቀበረ ይቀራል። ብዙ ሙቀጫ ከወለሉ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። ብልህ ጠራቢ የሚመርጠው ከወፍራም ግንድ ጎን የተወሰደ፣ እምብርት የሌለበትን ጕማጅ ነው፤ ፈልፍሎም ከፀሐይና ከነፋስ ርቆ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያደርገዋል።

3ኛ/ ስለ ዛፉ

በአርሲ ደጋ የሚታወቁት አገር በቀል ዛፎች ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ናቸው። ለሙቀጫ ሆድ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ወይራ ነው። የደረቀ ወይራ አንድ ኪዩቢክ ሜትሩ 900 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ቆላ ቀረብ ባለው አገር የሚበቅለው ዋንዛ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ክብደት ያለው እንጨት ምትን ይችላል፤ ቶሎም አይቦረቦርም። ጥድ ሽታው ኀይለኛ ስለ ሆነ ከምግብ ጋር መገናኘት የለበትም። ኮሶም አበባው ለመድኀኒት የታወቀ ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ለምት አይመረጥም።

ችግሩ እምብርት የሌለበት ወፍራም ጕማጅ የሚገኘው ከትልቅ ዛፍ ብቻ መሆኑ ነው። ወይራ ደግሞ አስተዳደጉ እጅግ አዝጋሚ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ይህ አዋጅ በኋላ በ1999 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በ2010 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተተክቷል፤ ያመለከተው ችግር ግን አልተወገደም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ ዳሩ ግን ሲደርቅ አብዝቶ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም ለሙቀጫ ሆድ አይታመንም። የፈረንጅ ጥድም ለስላሳ ነው።

እንጨት ማነባበር ጥቅሙ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ከአናጢ ቤት የሚጣል ቁርጥራጭ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ ወራጅ፣ የተሰበረ ወንበር እግር ሁሉ ለጌጡ ይበቃል። ሰው እንጨቱን በገንዘብ ቢለካው የሚጣል ነው፤ በቀለሙ ቢያየው ግን ሀብት ነው። ወይራ ጠቆር ያለ ሥር የሚታይበት ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ኮሶና ጥድ ወደ ቀይ ያደላሉ፤ ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ዋንዛ ወርቅማ ነው። ከእነዚህ የበለጠ ደማቅ ቀለም ቢፈለግ በቀለም የተነከረ ስስ ጣውላ አለ፤ ነገር ግን ቀለሙ ርጥበት ሲነካው ሊለቅ ይችላልና ከምግብ መራቅ አለበት።

4ኛ/ ጌጡ የሚገባበት ስፍራ

ባለ ቀለም እንጨት በሙቀጫ አካል ውስጥ ሊገባ የሚችልባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው እንጀራ እንደሚደራረብ እንጨቱን አግድም እየቆረጡ መካከሉ ላይ ቀለማም ቀለበት ማስገባት ነው። ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን የጅማት ጫፍ ከጅማት ጫፍ ጋር ሲገናኝ ኮላው እንደ ቱቦ ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይመጠጥና ስፌቱ ደካማ ይሆናል። ዘነዘናው የሆዱን ግድግዳ ከጎን በነካው ቍጥር ስፌቱ ይናጋል። ከዚህም በላይ የኮላው መስመር በሆዱ ዙሪያ ለምግብ ተጋልጦ ይኖራል።

ሁለተኛው ጕማጁን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ በመካከሉ ቀለማም ጣውላ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ የጅማት ጎን ከጅማት ጎን ጋር ስለሚጣበቅ ስፌቱ ብርቱ ነው። ጉድለቱ ግን መስመሩ የሆዱን ወለል አቋርጦ ማለፉ ነው፤ ምቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያው በኮላው ላይ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ እኛም የምንመርጠው፣ ሆዱን በአንድ ድፍን እንጨት ትቶ ጌጡን በዙሪያው ማልበስ ነው። አራት ማዕዘን የሆነ የወይራ እምብርት የለሽ ጕማጅ ከመካከል ይቆማል፤ በአራቱም ጎኑ ስስ ቀለማም ጣውላ፣ ከዚያም በላይ የውጭ ጣውላ ይጣበቅበታል። የሁሉም ጅማት ወደ ላይ የቆመ ነው። ሆዱ የሚፈለፈለው ከመካከለኛው ወይራ ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ ኮላ ከምግብ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ምትም ስፌቱ ላይ አያርፍም።

የእንጨቱም ቍጠባ በቍጥር ሊታይ ይችላል። ውፍረቱ 12.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ሙቀጫ እምብርት ከሌለበት የግንድ ጎን ለማውጣት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ያስፈልጋል። በየጎኑ 9 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መካከለኛ ጕማጅ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ግንድ ይበቃል። የሁለቱ ግንዶች ስፋት ሲመዛዘን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲሦ በሚያህል ያነሰ ነው። ለአዝጋሚው ወይራ ይህ ልዩነት የብዙ ዓመት ዕድሜ ነው።

5ኛ/ የአሠራሩ ተራ

ቡናና ቅመም ለመውቀጥ የሚሆን ትንሽ ሙቀጫ ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር፣ የሆዱ ጥልቀት 9 ሴንቲ ሜትር፣ አፉ 7.5፣ የሆዱ ሰፊ ክፍል 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን እንበል። በቶርኖው ላይ የሚያዝበት 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስለሚያስፈልግ ጕማጁ 18 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ እንጨቱ መድረቁ መታወቅ አለበት። መመዘን ቀላሉ መንገድ ነው፤ በየሳምንቱ እየተመዘነ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ቁርጥራጮቹ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሊሰነብቱ ይገባል። አንዱ ርጥብ ሌላው ደረቅ ሆኖ ከተጣበቀ ርጥቡ በኋላ ሲጠብ ስፌቱን ይስበዋል።

ቀጥሎ የሚጣበቁት ፊቶች በመላጊያ ይስተካከላሉ። ሁለቱ ተገጥመው ወደ ብርሃን ሲያዙ በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም። ወይራና ጥድ ቅባት ስላለባቸው ከተላጉ በኋላ ሳያድሩ ሊጣበቁ ይገባል። በመጀመሪያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለማም ጣውላና አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የውጭ ጣውላ በሁለቱ ተቃራኒ ጎኖች ይጣበቃሉ፤ ጕማጁም 9 በ13 ይሆናል። ኮላው ከደረቀ በኋላ ጎኖቹ ተስተካክለው በቀሩት ሁለት ጎኖች 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጣውላዎች እንዲሁ ይጣበቃሉ፤ ጕማጁ 13 በ13 ይሆናል። በሞርሳ ሲጠበቅ ኮላው በስፌቱ ሁሉ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ብቅ ማለት አለበት። ባንድ በኩል ብቻ ከወጣ ጥብቀቱ እኩል አይደለም።

በእንደ በቆጂ ባለ ደጋ አገር ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስለ ብርዱ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ የእንጨት ኮላ፣ በተለምዶ ቪናቪል የሚባለው፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን በደንብ አይያያዝም፤ ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይፈረፈራል። ስለዚህ ማጣበቁ እኩለ ቀን ላይ ቢደረግና ዕቃው ሌሊቱን ሙቀት ባለበት ቤት ቢያድር ይሻላል። ቶርኖ ላይ ከመውጣቱ በፊትም አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆይ።

ቶርኖ እንጨቱን በሁለት ጫፉ ይዞ የሚያሽከረክር መኪና ነው፤ ሠራተኛው መሮውን በመደገፊያው ላይ አሳርፎ እየቀረጸ ያከበዋል። 13 በ13 የሆነው ጕማጅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 18.4 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ማዕዘኖቹን አስቀድሞ በመጋዝ ማንሣት ሥራውንም መኪናውንም ያቀላል። እስኪከብ ድረስ በደቂቃ 600 ዙር ያህል ይበቃል፤ ከከበበ በኋላ ወደ 1,000 ከፍ ሊል ይችላል። ፍጥነቱ ቀላል እንዳይመስል እናስላው፤ 12.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በአንድ ደቂቃ 390 ሜትር ያህል ይሮጣል። ስለዚህ ነጠላ ለብሶ፣ እጅጌን ሳይሰበስቡ፣ ዐይንን በመነጽር ሳይከልሉ ወደ ቶርኖ መቅረብ አይገባም። አቧራውም ሳምባን ይጎዳልና አፍንጫና አፍን መሸፈን ያስፈልጋል።

ጌጡ በራሱ የሚወጣው ሲከብ ነው። ሰፊው ክፍል 12.4 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ላይ ቀለማሙ ጣውላ ስምንት ቋሚ መስመሮች ሆኖ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ በአራት ስፍራ ይታያል። ሠራተኛው ከሆዱ ወለል በታች ያለውን ወገብ ወደ 9.6 ሴንቲ ሜትር ሲያቀጥነው መስመሮቹ ከየማዕዘናቸው ተነሥተው ወደ እያንዳንዱ ፊት መካከል ይጠጋሉ፤ በወገቡም ላይ ይገናኛሉ። የውጭው ጣውላ እንደ ምላስ እየሾለ ያበቃና ከሥሩ ያለው ቀለም ይገለጣል። እግሩ ሲሰፋ መስመሮቹ እንደ ገና ይለያያሉ። ይህን ቅስት ማንም በእጁ አልሣለውም፤ ቀጥ ያለ ጣውላ በክብ ሲቈረጥ በራሱ የሚሰጠው ቅርጽ ነው። ወገቡ የሚቀጥንበት ስፍራ ከሆዱ በታች ድፍን በሆነው ክፍል ስለ ሆነ ጌጡ የሆዱን ግድግዳ አያሳሳውም።

የሆዱ መፈልፈል በመሰርሰሪያ ይጀመራል። ከመካከሉ 8.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ መሮው ከመካከል ወደ ዳር እየሄደ ያሰፋዋል፤ በጅማት ጫፍ ላይ ከዳር ወደ መካከል ቢቈረጥ ይቦጫጭራልና። የሆዱ ወለል ማዕዘን የሌለው ክብ መሆን አለበት፤ ማዕዘን ካለ ቡናው እዚያ ይሸሸጋል እንጂ ወደ ዘነዘናው አይመለስም። ሆዱ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ ከመካከለኛው ወይራ በየጎኑ የሚቀረው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ምግቡን ከኮላው የሚለይ ግንብ ነውና ከልክ በላይ መፋቅ አይገባም። አፉ ከሆዱ ጠበብ ማለቱም የተቆላው ቡና እየፈነጠረ እንዳይወጣ ነው።

6ኛ/ ስለ ዘነዘናው

ለዚህ ሙቀጫ 28 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4.5 ሴንቲ ሜትር የራስ ውፍረት፣ 2.8 ሴንቲ ሜትር የእጀታ ውፍረት ያለው ዘነዘና ይበቃል። ጅማቱ ቁመቱን የተከተለ መሆን አለበት፤ ጅማቱ ሰያፍ የሆነ ዘነዘና በሥራ ላይ ሳለ ይሰበራል። የራሱ ክብነት ከሆዱ ወለል ክብነት ጥቂት ያነሰ ይሁን፤ ሁለቱ ልክ ከሆኑ ቡናው በመካከላቸው ይታሸጋል።

የዘነዘና ጌጥ በእጀታው ላይ እንጂ በራሱ ላይ አይገባም። እጀታው ገና 3.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሳለ በሰያፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በመጋዝ ይወጣል፤ ለስንጥቁ ልክ የሆነ ስስ ቀለማም ጣውላ በኮላ ይገባበታል። ከደረቀ በኋላ ከተቃራኒው ጎን፣ ከፊተኛው ራቅ ብሎ፣ ሁለተኛው ይደገማል። ሲከብ ቀለሙ እጀታውን የተጠመጠመ ይመስላል። ስንጥቁ ከልክ በላይ ቢጠልቅ ግን ጅማቱን ስለሚቈርጥ እጀታውን ያደክመዋል።

7ኛ/ ስለ ቅባቱና ስለ አያያዙ

ሆዱ ውስጥ ቫርኒሽ መቀባት የለበትም፤ በምት እየተላጠ ከምግብ ጋር ይበላልና። ለውጭው ከሁሉ የሚሻለው በአርሲ ደጋ በብዛት የሚዘራው ተልባ ነው። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ስለ ሆነ በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ ጥቂት ቀን ቢቆይ የእንጨቱን ቀለም ያጐላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ቢጣል በውስጡ ሙቀት እየተከማቸ በራሱ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ተዘርግቶ ከውጭ ይድረቅ።

አዲስ ሙቀጫ ሥራ ሳይጀምር ጥቂት የተቆላ ገብስ ወቅጦ መጣል የእንጨቱን አቧራ ያወጣል። ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ መታጠብ ካስፈለገው በጥቂት ውኃ ታጥቦ ወዲያው ተደፍቶ በጥላ ይድረቅ። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና ከእሳት ዳር ማቆም ለድፍኑም ለተነባበረውም ሙቀጫ ሞቱ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን ስናጠቃልል፣ ባለ ቀለሙ የተነባበረ ሙቀጫ የትልቁን የገብስ ሙቀጫ ስፍራ ይወስዳል ማለታችን አይደለም። 3 ኪሎ ዘነዘና በግማሽ ሰዓት 1,200 ጊዜ የሚወርድበት ዕቃ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ መሆኑ የግድ ነው። ለቡናና ለቅመም የሚሆነው ትንሹ ሙቀጫ ግን ወፍራም ግንድ አያሻውም፤ ለዚህ ሥራ ትልቅ ወይራ መቁረጥ ብክነት ነው። ትልቁ ዛፍ ትልቁን ሙቀጫ ለሚፈልገው ቤት ይቆይ።

በቆጂ ቡና አይበቅልም፤ ብርዱ አይፈቅድለትም። ሆኖም ከቆላው የሚመጣው ቡና በየቤቱ ይቆላል፤ የዘነዘናውም ድምፅ ጎረቤትን ይጠራል። በዚያ ሰዓት በሰው ፊት የሚቀርበው ትንሹ ሙቀጫ ቢያምር የሚገባ ነው። ነገር ግን ጌጡ ለዐይን ብቻ ተሠርቶ ሆዱ ቢሰነጠቅ ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው ይሆናል። ደንቡ አጭር ነው፤ ምት በሚያርፍበትና ምግብ በሚነካው ስፍራ አንድ ድፍን እንጨት ይሁን፤ ቀለሙ ከዚያ ውጭ እንደ ወደደ ይደርደር። የእንጨት ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ይህን ሞክረው ከዚህ የተሻለ መንገድ ቢያገኙ፣ የእኛ ጽሑፍ መነሻ ሆናላቸው በመገኘቷ ደስ ይለናል።